ከራስ ምታት ጀርባ

በሶዶና በቡታጅራ አካባቢ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ደጃፍ ላይ የሚሰማው ስሞታ ይደጋገማል። «ራሴን ይወጋኛል»፣ «ሰውነቴን ይቆረጥመኛል»፣ «ልቤን ያፍነኛል»፣ «እህል አልወርድ አለኝ»፣ «እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም»። አዝኛለሁ፣ ከፍቶኛል ብሎ ካርድ የሚያወጣ ግን የለም ማለት ይቻላል። ወረፋው ረጅም፣ ባለሙያው ጥቂት ስለሆነ ምርመራው በደቂቃዎች ያልቃል። ታካሚው የራስ ምታት ክኒን ወይም የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ይወጣል። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ያው ሰው በዚያው ስሞታ ይመለሳል። ከእነዚህ ተመላላሾች መካከል እውነተኛ ሕመማቸው ድባቴ የሆነ ጥቂት አይደሉም።

አካባቢውን በምሳሌነት ማንሳት የሚቻለው በአፍሪካ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ለረጅም ጊዜ ከተጠናባቸው የገጠር ስፍራዎች አንዱ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው መረጃ ሰብሳቢዎችን በቡታጅራ ዙሪያ ቤት ለቤት አሰማርተው ከ68,000 የሚበልጡ ጎልማሶችን አስጠይቀዋል። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ሶዶ ወረዳ፣ ከሕንድ፣ ከኔፓል፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ አካባቢዎች ጋር፣ የአእምሮ ሕክምናን ወደ ተራው ጤና ጣቢያ ማውረድ ይቻል እንደሆነ የተሞከረበት ቦታ ሆነ። ከዚያ ሙከራ ከተገኙት ትምህርቶች አንዱ የሚያሳስብ ነው። ሥልጠና የወሰዱት ነርሶችና ጤና መኮንኖች ብቻውን የሚያወራውን፣ ልብሱን የጣለውን፣ ከሰው የተጣላውን ታካሚ ሳይቸገሩ ይለያሉ። ድባቴ ያለበትን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳያውቁት ያሳልፉታል።

ምክንያቱን መረዳት ከባድ አይደለም። ድባቴ ያለበት ሰው አይረብሽም፤ ተራውን ጠብቆ ይገባል፣ የተጠየቀውን በአጭሩ ይመልሳል፣ የታዘዘለትን ተቀብሎ ይወጣል።

ለመሆኑ ይህ ሕመም ምንድን ነው? ሐኪሞች የሚስማሙበት መለኪያ ዘጠኝ ምልክቶች አሉት። ሁለቱ ዋነኞች ናቸው። አንደኛው ቀኑን ሙሉ ማለት በሚቻል ሁኔታ የሚቆይ የከፋ ስሜት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣቱ ነው። የቡናው ወሬ፣ የልጅ ሳቅ፣ የእሁድ ኳስ፣ ቅዳሴው፣ ሁሉም እኩል ይሆናል። ቀሪዎቹ ሰባት የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ አቅም ማጣት፣ የሰውነት እንቅስቃሴ መዘግየት ወይም መቁነጥነጥ፣ አሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት ወይም በሆነ ባልሆነው ራስን መውቀስ፣ በመጨረሻም ሞትን ማሰብ ናቸው። ከዘጠኙ አምስቱና ከዚያ በላይ፣ ቢያንስ አንዱ ከሁለቱ ዋነኞች ሆኖ፣ ለሁለት ሳምንት በየዕለቱ ለማለት በሚቻል መልኩ ከቆዩና ሥራንና ኑሮን ካወኩ፣ ሐኪሙ ሕመሙን ድባቴ ይለዋል።

እነዚህን ምልክቶች ለመለየት በዓለም ዙሪያ በስፋት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ ፒ.ኤች.ኪው-9 ይባላል። በአንድ ገጽ ላይ ዘጠኝ ጥያቄዎች ብቻ አሉት። ለእያንዳንዱ ጥያቄ፣ ችግሩ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ጨርሶ ካልነበረ ዜሮ፣ በየቀኑ ለማለት ከተቃረበ ደግሞ ሦስት ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ27 አይበልጥም። በብዙ አገሮች 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው በጥንቃቄ መታየት አለበት ይባላል። በቡታጅራ ጤና ጣቢያዎች መጠይቁ ሲፈተሽ ግን የተሻለ ሆኖ የተገኘው መለያ 5 ነበር። እንግዲህ ሌላ አገር «ደህና ነህ» ተብሎ የሚሸኝ ሰው እዚህ ታሞ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የውጭ መለኪያ በአገር ሰው ላይ ሳይፈተሽ ሥራ ላይ መዋል እንደሌለበት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ሐዘን ሁሉ ድባቴ አይደለም። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ያለቅሳል፣ እህል ያስጠላዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። ይሁንና ሐዘኑ ይመጣል ይሄዳል። ሟቹ ሲነሳ እንባው ይፈስሳል፤ አፍታ ቆይቶ ደግሞ አንዱ የእድር አባል የሟቹን ጨዋታ ሲያስታውስ ፈገግ ይላል። ሐዘንተኛው የጎደለበትን ያውቃል፣ ሰውም ከጎኑ ነው። ድባቴ ውስጥ ያለው ግን እሱ ራሱ እንደ ጎደለ ሆኖ ነው የሚሰማው። ለቤተሰቡ ሸክም እንደሆነ፣ ቢጠፋ ማንም እንደማይጎዳ ያምናል። ለሐዘንተኛ የሚነገረው «አይዞህ፣ በርታ» የሚያጽናናውን ያህል፣ እሱን አንዳንድ ጊዜ ይበልጥ ያደቅቀዋል። መበርታት እንዳልቻለ ከማንም ቀድሞ ያወቀው ራሱ ነውና። «ሰነፍ»፣ «ጥጋብ ነው»፣ «እምነት ቢኖርህ ኖሮ» የሚሉት ቃላት ደግሞ ጉዳታቸው ከዚህም ይከፋል። እግሩ የተሰበረን ሰው ተነስተህ ሩጥ ብሎ የሚቆጣ የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት የ2019ን መረጃ ይዞ ባወጣው ግምት በዓለም 280 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከድባቴ ጋር ይኖራሉ፤ ሴቶች ከወንዶች በብዙ ይበልጣሉ። ታዲያ አንዱን አግኝቶ ሌላውን የሚያልፈው ለምንድን ነው?

ከቀደሙት ጥሩ መልሶች አንዱ የተገኘው ለንደን ውስጥ ነው። ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች ካምበርዌል በተባለ የደቡብ ለንደን ሰፈር 458 ሴቶችን አነጋግረው ውጤቱን በ1978 በመጽሐፍ አወጡ። ሴቶቹ ከመታመማቸው በፊት በነበሩት ወራት ምን እንደደረሰባቸው ነበር ጥያቄያቸው። አብዛኞቹ ታማሚዎች አስቀድሞ ከባድ ነገር ወድቆባቸው ነበር፤ ሞት፣ መለያየት፣ ከቤት መባረር፣ ክህደት። ሆኖም ተመሳሳይ መከራ ደርሶባቸው ያልታመሙም ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱን ሲፈልጉ አራት ነገሮች አገኙ። 11 ዓመት ሳይሞላቸው እናትን ማጣት፣ ቤት ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ ትንንሽ ልጆች ማሳደግ፣ ከቤት ውጭ ሥራ አለመኖር፣ እንዲሁም ምስጢር የሚያካፍሉት የቅርብ ሰው ማጣት ናቸው። ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ለንደን ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ቤይሩት ወይም ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ፣ ስልኳን የተነጠቀች፣ በር የተቆለፈባት ልጅ ከእነዚህ ስንቱ እንዳለባት መገመት አያዳግትም። አገሯ ስትመለስም ቤተሰብ የሚጠይቃት ስላመጣችው ገንዘብ እንጂ ስላሳለፈችው ነገር ካልሆነ፣ ምስጢር የሚያካፍሉት ሰው ማጣቷ እዚህም ይቀጥላል።

ኑሮና ሕመም እንዴት እንደሚተሳሰሩ ከሚያሳዩት የአገር ውስጥ ማስረጃዎች ሁሉ ጎልቶ የሚታየው የፊስቱላ ታካሚዎች ጉዳይ ነው። ምጥ ለቀናት ጠንቶባት፣ ልጇን አጥታ፣ ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት ሴት ብዙ ጊዜ ከባሏም ከጎረቤቷም ትለያለች። ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሠርቶ በ2013 በታተመ ጥናት፣ ከተጠየቁት የፊስቱላ ታካሚዎች 97 በመቶው የድባቴ ምልክት ተገኝቶባቸዋል። ባሕር ዳር በሚገኘው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል በ51 ሴቶች ላይ የተደረገውና በ2007 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ አሳቡን ይሞላዋል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁሉም የአእምሮ ጤና ችግር ምልክት ነበራቸው። ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ሳምንት በኋላ ምልክቱ ያልለቀቃቸው 36 በመቶ ብቻ ነበሩ።

በዚህ ቁጥር ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው። ከሦስቱ ሁለቱን ያህል ያዳናቸው ክኒንም ምክርም ሳይሆን የቀዶ ጥገና ባለሙያ እጅ ነው፤ ልብሳቸው ደረቀ፣ ከሰው እኩል ቁጭ አሉ። የሽንቱ ችግር ተፈትቶላቸውም ከፍቷቸው የቀሩ ግን ነበሩ። የሕመሙ ምክንያት ሲነሳ ሕመሙ ሁልጊዜ አብሮ አይነሳም። ለዚህ ነው «የቸገረው ሰው ቢከፋው ምን ይገርማል፣ ችግሩ ሲቀረፍ ይተወዋል» የሚለው አስተሳሰብ ብዙዎችን ያለ ሕክምና የሚያስቀረው።

በመድኃኒቱ በኩል ያለው ታሪክ የሚጀምረው ማንም ባልጠበቀው ቦታ፣ በሳንባ ነቀርሳ ክፍል ውስጥ ነው። በ1952 ኒው ዮርክ ስታተን አይላንድ ላይ በሚገኘው ሲ ቪው ሆስፒታል አይፕሮናያዚድ የተባለ አዲስ የነቀርሳ መድኃኒት ይሞከር ነበር። አልጋ ላይ ውለው የሚያድሩት ሕሙማን መብላት፣ መሳቅ፣ በመተላለፊያው ላይ መጨፈር ጀመሩ፤ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺዎችም መጥተው አነሷቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ናታን ክላይን የተባለ የአእምሮ ሐኪም መድኃኒቱን ነቀርሳ ለሌለባቸው የድባቴ ታማሚዎች ሰጥቶ ለውጥ አየ። በዚያው ሰሞን ስዊዘርላንድ ሙንስተርሊንገን ውስጥ ሮላንድ ኩን ለስኪዞፍሬኒያ ታስቦ የተሰጠውን ኢሚፕራሚን ቢሞክር ለታለመው ሕመም አልሠራ አለው፤ የድባቴ ታማሚዎቹ ግን እየተሻላቸው ሄዱ። ከሁለቱ ግኝቶች ተነስተው ተመራማሪዎች ድባቴ በአንጎል ውስጥ የአንዳንድ መልእክት አመላላሽ ኬሚካሎች ማነስ ነው የሚል መላ ምት ሠሩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፍሉኦክሰቲን ገበያ ላይ ሲውል ይህ መላ ምት ሴሮቶኒን በሚባለው ኬሚካል ስም የሕዝብ ዕውቀት ሆነ።

ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አልነበረም። በ2022 የታተመ አንድ ሰፊ ዳሰሳ ድባቴ በሴሮቶኒን ማነስ ይመጣል የሚለውን የሚደግፍ ወጥ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። ይህ ማለት መድኃኒቶቹ አይሠሩም ማለት አይደለም። ፓራሲታሞል ራስ ምታትን ቢያስታግስም ራስ ምታት በፓራሲታሞል ማነስ አይመጣም። ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች በተለይ ሕመሙ መካከለኛና ከባድ በሆነባቸው ሰዎች ላይ እንደሚረዱ በብዙ ሙከራ ታይቷል፤ ቀላል ለሆነው ድባቴ ግን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መጀመሪያ መድኃኒት አያዝም። ሌላው ሊታወቅ የሚገባው፣ ክኒኑ እንደ ማስታገሻ በሰዓታት ውስጥ እንደማይሠራ ነው። የመጀመሪያው ለውጥ እስኪታይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የአፍ መድረቅ፣ ማቅለሽለሽ፣ መቁነጥነጥ የመሳሰሉት የጎንዮሽ ጉዳቶች ቀድመው ስለሚመጡ፣ ማንም ካላስረዳው ታካሚው በመጀመሪያው ሳምንት መድኃኒቱን ጥሎ «ባሰብኝ» ይላል።

ድባቴና ነቀርሳ እንደገና የተገናኙት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። በቡታጅራ አካባቢ አዲስ የነቀርሳ ሕክምና በጀመሩ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከግማሽ የሚበልጡት የድባቴ ምልክት እንዳለባቸው አገኘ። ውጤቱ በ2018 ሲታተም፣ ድባቴው ያልታከመላቸው ሰዎች የነቀርሳ መድኃኒቱን የማቋረጥም የመሞትም ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ እንደነበር አሳየ። ለስድስት ወር በየቀኑ መድኃኒት መዋጥ ነገን የሚጠብቅ ልብ ይፈልጋል። ድባቴ ደግሞ ቀድሞ የሚነጥቀው ይህንኑ ነው። የአእምሮ ጤናን ከዋናው ሕክምና የተረፈ ገንዘብ የሚሰጠው ቅንጦት አድርጎ የሚያይ ማንኛውም የጤና በጀት ይህን ጥናት ማንበብ ይኖርበታል።

ሕክምናው የግድ በሐኪም እጅ መሆን የለበትም የሚለውን በጉልህ ያሳየችው ዚምባብዌ ናት። ዲክሰን ቺባንዳ በአገሩ ከነበሩት ጥቂት የአእምሮ ሐኪሞች አንዱ ነው። በ2005 አንዲት ወጣት ታካሚው ራሷን አጠፋች። ለምን ወደ እሱ እንዳልመጣች እናቷን ሲጠይቅ፣ ለአውቶቡስ የሚሆን 15 ዶላር ስላልነበራቸው መሆኑን ነገረችው። ሐኪሙ ሆስፒታል ተቀምጦ መጠበቁ ዋጋ እንደሌለው የተረዳው ያኔ ነው። ሰው ይሰጠኝ ብሎ ሲጠይቅ የተገኙለት በሐራሬ ምባሬ ሰፈር በጤና ሥራ የሚያግዙ 14 አያቶች ነበሩ፤ ክሊኒኩ ውስጥ ክፍል ስላልነበረ ደጅ ላይ አግዳሚ ወንበር ተሰጣቸው።

አያቶቹ የሚሠሩት ይህን ነው። ክሊኒክ የመጣው ሰው 14 አጫጭር ጥያቄዎች ይጠየቃል፤ ነጥቡ ከፍ ካለ ደጅ ወጥቶ አግዳሚው ላይ ከአያቲቱ ጎን ይቀመጣል። መጀመሪያ ያለበትን ሁሉ ያወራል፤ አያቲቱ አታቋርጠውም፣ ለመምከርም አትቸኩልም። ቀጥሎ ከችግሮቹ አንዱን ብቻ እንዲመርጥ ትረዳዋለች። ባሏ ጥሏት የሄደ፣ የቤት ኪራይ ያለባት፣ የኤች.አይ.ቪ ቫይረስ በደሟ የተገኘ ሴት ሦስቱንም በአንድ ቀን አትፈታም፤ ከኪራዩ ትጀምር ይሆናል። ማንን ታነጋግር? መቼ? ምን ብላ? መልሱ የሚመጣው ከራሷ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳ የሆነውን ታወራለች። ስድስት ያህል ጊዜ እንዲህ ከተገናኙ በኋላ ተመሳሳይ መንገድ ያለፉ ሴቶች ወዳሉበት ማኅበር ትገባለች፤ እዚያ ቦርሳ እየሠሩ ይጨዋወታሉ።

ነገሩ መልካም ምኞት ብቻ እንዳይሆን በ573 ታካሚዎች ላይ በሳይንሳዊ መንገድ ተፈተነ። ውጤቱ በ2016 ሲወጣ፣ ከስድስት ወር በኋላ ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት ውስጥ ድባቴ ያልለቀቃቸው 14 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት መካከል ግን 50 በመቶው አልለቀቃቸውም ነበር። ፓኪስታን ውስጥም በ2008 የታተመ ሥራ አለ። የገጠር የጤና ሠራተኛ ሴቶች የአራስ ቤትን ሲጎበኙ ስለ ሕፃኑ ጤና ከሚሰጡት ምክር ጋር የእናቲቱን አሳብ የሚያቀና ውይይት እንዲያካሂዱ ተደረገ። ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው በድባቴ ውስጥ የቀሩት እናቶች 23 በመቶ ሲሆኑ፣ ውይይቱን ባላገኙት ዘንድ 53 በመቶ ነበሩ።

ኢትዮጵያ ከዚህ ብዙ መውሰድ ትችላለች፤ መነሻም አላት። ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ሸክም ያረፈው በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቋቋመው በአማኑኤል ሆስፒታል ላይ ነበር። በ2003 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአእምሮ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር፣ በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች አንድ ደርዘን ያህል ቢሆኑ ነው። ዛሬ ቁጥሩ አድጓል፤ ለሕዝቡ ግን አሁንም አይበቃም። በሌላ በኩል ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፣ እድር አለ፣ የቡና ጎረቤት አለ፣ የነፍስ አባት አለ። ምስጢር ሰምቶ መያዝ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። የሚጎድለው ያ ሰው የሰማው ነገር ሕመም መሆኑን የሚያውቅበት ትንሽ ሥልጠናና ሲከብደው የሚልክበት ቦታ ነው።

ጸበልም ከዚህ ውጪ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ ታካሚውም እዚያ ተስፋና ሰው ያገኛል። ጉዳት የሚመጣው መድኃኒትና ጸበል አብረው አይሄዱም ተብሎ ክኒኑ ሲጣል ወይም የታመመው በሰንሰለት ሲታሰር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አጥማቂ ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ተነጋግረው አብረው የሠሩበት ልምድ አለ፤ ታካሚው ጸበሉን እየተጠመቀ መድኃኒቱን ይወስዳል። ይህ መስፋፋት ያለበት ነገር ነው፤ ምክንያቱም ሰውን ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ማለት ብዙ ጊዜ ከሕክምናው ማራቅ ነው።

ቤተሰብ ለመጠየቅ የሚፈራው አንድ ጥያቄ አለ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ድባቴም ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። «መሞት ያምርሃል? ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ አሳቡን ያስታውሰዋል ተብሎ ይፈራል። ጥናቶች የሚያሳዩት እንዲህ ያለው ጥያቄ አሳቡን እንደማይተክል ነው፤ እንዲያውም ብዙዎች በመጠየቃቸው እፎይ ይላሉ። መልሱ «አዎ» ከሆነ መቆጣትም መስበክም አያስፈልግም። ብቻውን አለመተው፣ ፀረ ተባይ መድኃኒትን፣ ገመድንና ጦር መሣሪያን ከአጠገቡ ማራቅ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።

ጤና ጣቢያ የደረሰ ሰው ጥሩ ባለሙያ ካገኘ የሚጠብቀው ሕክምና ይህን ይመስላል። ባለሙያው በመጀመሪያ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር ወይም የመጠጥ ሱስ አለመኖሩን ያያል። ከዚህ ቀደም ለቀናት ያለ እንቅልፍ የሚያስፈነድቅ፣ ገንዘብ የሚያስበትን፣ ከልክ ያለፈ ደስታ ነበረው ወይ ብሎም ይጠይቃል። ነበረው ከተባለ ሕመሙ ባይፖላር ሊሆን ስለሚችል ፀረ ድባቴ መድኃኒት ብቻውን መስጠት አደገኛ ነው። ከዚያ ስለ እንቅልፍ ሰዓት፣ በየቀኑ ከቤት ስለ መውጣት፣ ከተዉአቸው ሥራዎች አንዱን በትንሹ ስለ መጀመር ይነጋገራሉ፤ እንዳስፈላጊነቱም ፍሉኦክሰቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ይታዘዛል። ሲሻለው ታካሚው «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ለማቆም ይቸኩላል። መመሪያው ግን ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠልን፣ ሲቆምም በባለሙያ ክትትል ቀስ በቀስ መቀነስን ያዛል። አንድ ጊዜ ድባቴ ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን ሌላ ጊዜ ስለሚመለስባቸው፣ ያ ተጨማሪ ዓመት ከመጀመሪያው ክኒን የማያንስ የሕክምናው ክፍል ነው። የቀጠሮ ካርዱን የሚይዝለት፣ ቀኑ ሲደርስ አብሮት የሚሄድ አንድ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ሕክምናውን የመጨረስ ዕድሉ የሰፋ ይሆናል።